ሳይቀደድ የተቆረጠው ጨርቅ

የበደለኝ ነስሩ ነው። ሙያውን ያስተማሩኝ የልብስ ሰፊው የሐጂ ሸምሱ የበኩር ልጅ፣ በፋብሪካችን የቅድ ክፍል ኃላፊ የነበረው። ቀኑ ሰኞ ነበር፤ ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት፣ ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው። የፋብሪካው ኮሚቴ ፊት ቆሞ «ቅዱ የዘምዘም ነው፤ ጥፋቱም የእሷ ነው» አለ። ዘምዘም እኔ ነኝ፤ ይህን ሲል አላየኝም፤ የሸሚዙን እጅጌ ያስተካክል ነበር። ያን ሸሚዝ የቀደድኩለት እኔ ነበርኩ።

ጡረታ የወጣሁት ዓምና ነው። ሲሸኙኝ የግድግዳ ሰዓትና አንድ የምስክር ወረቀት ሰጡኝ። ወረቀቱ «በክር ለቀማ ክፍል ለረጅም ዘመን ላገለገሉ» ይላል። ክር ለቀማ ማለት የተሰፋ ልብስ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ ክር እየፈለጉ በትንሽ መቀስ መቁረጥ ነው። አዲስ የተቀጠረች ልጅ በመጀመሪያ ቀኗ የምትማረው ሥራ ነው። እኔ አሥራ ሰባት ዓመት ሠራሁት። ከዚያ በፊት ሃያ ስድስት ዓመት ቀዳጅ ነበርኩ፤ ጨርቅ ዘርግቼ ልብስ የማወጣ ሰው። ይህ ወረቀቱ ላይ የለም። የምጽፈው ወረቀቱ ላይ ስለሌለ ነው።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ሰፈራችን ያለ አንድ ማሠልጠኛ ስለ ሙያው ለሠልጣኞች እንድናገር ጠራኝ። ከፊት የተቀመጠች፣ ጥፍሯን ቀይ የተቀባች ልጅ እጇን አወጣች።

«ማዘር፣ ይቅርታ፣ ‹ልብስ ቅድ› የሚባለው ለምንድን ነው? ቀደደ ማለት አበላሸ ማለት አይደል? በዚያ ላይ ቀደዳ ደግሞ...»

ጓደኞቿ ሳቁ። በዛሬ ልጆች አፍ ቀደዳ ማለት ጉራና ውሸት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሚኒባስ ውስጥ ስሰማው ነው የምውለው።

«ታዲያ ለምን ቆረጣ አይባልም?» አለች።

አጭር መልስ ሰጥቻት ተነሣሁ። ረጅሙን እዚህ አኖራለሁ።

የሐጂ ሸምሱ ሱቅ ከአጠና ተራ ዝቅ ብሎ ነበር። በር ላይ ሲቀመጡ አዲስ የተላጠ የባሕር ዛፍ ሽታ ይመጣል። አባቴና ሐጂ ያገር ልጆች ስለነበሩ፣ በአሥራ አራት ዓመቴ «ቁልፍ ትትከል» ተብዬ ገባሁ። ሁለት ዓመት ቁልፍ ተከልኩ፤ ጠርዝ አጠፍኩ፤ ካውያ ላይ ከሰል አራገብኩ። ነስሩ ሦስት ዓመት ይበልጠኛል። እሱ ሲንጀሩ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ ፔዳል መርገጥ ይወዳል። ሐጂ ጨርቅ የሚቀድዱበት ጠረጴዛ ጋ የሚደረገው ነገር ዝግ ያለ ስለነበረ ያሰለቸው ነበር። እኔን ጠረጴዛው ጋ ያስጠጋኝ የእሱ መሰልቸት ነው። ይህን ኋላ አልረሳልኝም።

ሐጂ ጨርቅ ሲመጣላቸው ወዲያው መቀስ አያነሡም። መጀመሪያ እጃቸውን ይታጠባሉ። ቀጥሎ ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ ይለቁትና በመዳፋቸው ሳይሆን በእጃቸው ጀርባ ይዳስሱታል። «መዳፍ ሥራ ለምዶ ደንቁሯል፤ የእጅ ጀርባ ገና ልጅ ነው» ይሉ ነበር። ከዚያ የጨርቁን ዳር በጥርሳቸው ጫር ያደርጉና በሁለት እጃቸው ይዘው ከዳር እስከ ዳር ይቀድዱታል። አራት ጣት ስፋት ያላት ቅዳጅ ትወጣለች። በዚያች ደቂቃ ሱቅ ውስጥ ማንም አይናገርም። ደንበኛ እንኳ ሰላምታውን አቋርጦ ይጠብቃል። የሚሰማው የቅደቱ ድምፅ ብቻ ነው። ጥሩ ፖፕሊን ቀጭን ድምፅ አለው። ብዙ የከረመ ጨርቅ ይጎረንናል።

ያች ቅዳጅ አትጣልም። ልብሱ ተሰፍቶ ሲያልቅ በዚያችው ታስሮ ለባለቤቱ ይሰጣል። ሰው ልብሱን በገዛ ጨርቁ ታስሮ ሲቀበል ደስ ይለው ነበር። መቀሳቸውን ደግሞ የጨርቅ ሰገባ ሰፍተውለት ምስማር ላይ ይሰቅሉት ነበር፤ ወረቀት የቆረጠበት ሰው ወዮለት። «ወረቀት የቀመሰ መቀስ ጨርቅ ላይ ይዋሻል» ይሉ ነበር።

አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆነኝ ለምን እንደሚቀድዱ ጠየቅኳቸው። መቀስ እያለ።

«አያቴ ጨርቅ ነጋዴ ነበር» አሉኝ። «መቀስ አልነበረውም። አቡጀዲውን በክንዱ ይለካል፣ ዳሩን ይነክሳል፣ ይቀድደዋል። ገዢውም ሲቀደድ ካላየ አይገዛም። ሰፊውም እንዲሁ በእጁ ነበር የሚያወጣው፤ እጀ ጠባቡን፣ ሱሪውን፣ ሁሉን። ቃሉ የመጣው ከዚያ ነው። መቀስ ኋላ መጣ፤ ቃሉን አላስለቀቀውም።»

«ታዲያ አሁን መቀስ አለ አይደል?»

«አለ። ለክንድና ለአንገት መቀስ ነው። መጀመሪያው ግን ቅደት ነው። ነይ።»

ጨርቁን አሳዩኝ። በቁመቱ የሚሄደው ክር ድር ነው፤ በጎን የሚያቋርጠው ማግ። ጨርቅ በጥቅል ሆኖ ሲመጣ ማጉ ቀጥ ያለ ይመስላል፤ ዓይን ይታለላል። ፋብሪካ ውስጥ ሲታጠብና ሲተኮስ ተስቦ ጠምሞ ሊሆን ይችላል። በመቀስ ከቆረጥሽው መቀሱ አንቺ ወዳሰብሽው ይሄዳል። ከቀደድሽው ግን ማጉን ተከትሎ ይሄዳል እንጂ አንቺን አይሰማም። ቀድደሽ ስታጥፊው ማዕዘኑ ከማዕዘኑ ካልገጠመ፣ ጨርቁ ጠማማ ነው። ጠማማ ጨርቅ አዲስ ሳለ ያምራል። ጠማማነቱ የሚወጣው መጀመሪያ የታጠበ ቀን ነው።

ስለዚህ ቀደደ ማለት አበላሸ ማለት አይደለም። ገበሬ የመጀመሪያውን ትልም ሲያወጣ ፈር ቀደደ ይባላል። ሌሊቱ ሲነጋ ጎህ ቀደደ ይባላል። እንጨት ይቆረጣል፤ ዳቦ ይቆረጣል፤ የሚቆርጠው ሰው በፈለገበት ላይ ነው። የሚቀደድ ነገር ግን ውስጡ ያለ መስመር አለው፤ አንቺ የምታደርጊው መክፈት ነው። ለልጅቷ ይህን ሁሉ አልነገርኳትም። «ድሮ በእጅ ስለነበረ ነው» ብቻ አልኳት።

ጨርቅ ጠሞ ሲገኝ የሚቃና በመሳብ ነበር። ይህ የእኔና የእማማ ራህመት ሥራ ነው። እማማ ራህመት የሐጂ ሚስት፣ የነስሩ እናት ናቸው። ግቢ ውስጥ ወጥተን እሳቸው አንዱን ማዕዘን፣ እኔ በሰያፍ ያለውን ማዕዘን ይዘን ወደ ኋላ እንጎትታለን።

«ሳቢ እንጂ! ምን ታፍሪያለሽ?» ይሉኛል።

«እየሳብኩ ነው እማማ።»

«እንዲህ ከሳብሽ ባልሽም አይመጣልሽ!»

ጎረቤት በአጥር ላይ እያየ ይስቅ ነበር። ባሌ መጥቶ ሄዷል፤ ጨርቁን ግን በደንብ መሳብ ተማርኩ።

ሐጂ ከልብስ ሌላ የሚቀድዱት ነገር ነበር፤ ከፈን። ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት ነጩ ጨርቅ ሐጂ ጋ ይመጣል። ሃይማኖቱ መቀስ ከልክሎ አይደለም፤ የቤቱ ልማድ ነው፤ የሐጂ ቤት ከፈን መቀስ አይነካውም። ለሴት አምስት ቁራጭ፣ ከዚያው ላይ ደግሞ ማሰሪያ ይወጣል። ለሴት ሴት ትቅደድ ብለው ሥራውን ለእማማ ራህመት፣ እሳቸው እጃቸው ቁርጥማት ሲይዘው ለእኔ ሰጡ። የመጀመሪያውን ስቀድድ መሃል ላይ ቆም አልኩ። ሐጂ ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው ድምፁን ብቻ ሰምተው «ቆም አልሽ፤ አትቁሚ፤ የጀመርሽውን ጨርሺ» አሉኝ።

ከዚያ ዘመኑ ተለወጠና ሱቁ በልብስ ሰፊዎች ማኅበር ተጠቃለለ። ሊቀመንበራችን ወታደር የነበሩ፣ ደግ ግን ድንጉጥ ሰው ነበሩ። ጨርቅ ስቀድድ ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ። «ጓድ ዘምዘም! ከመቅደድሽ በፊት አስጠንቅቂ እንጂ!» ማኅበሩ ሲፈርስ እሳቸውም የት እንደ ገቡ አላውቅም። ከአለቆቼ ሁሉ ክፉ ትዝታ የሌለኝ በእሳቸው ላይ ብቻ ነው።

ከማኅበሩ ወጥቼ ወደ ጦር ኃይሎች አቅጣጫ ያለ ፋብሪካ ተቀጠርኩ። ነስሩም እዚያው ነበር፤ ማታ ማታ ኮርስ ወስዶ የምስክር ወረቀት ይዞ ቀደም ብሎ ገብቷል። ጥቂት ቆይቶ የክፍላችን ኃላፊ ሆነ። በበሩ ላይ «የቅድ ክፍል» የሚለውን አስፍቆ «የቆረጣ ክፍል» አስጻፈ። ሠራተኛው ግን እስከ መጨረሻው የቅድ ክፍል ነው ያለው። እኔም አንተ ማለቱን ትቼ «አቶ ነስሩ፣ እርስዎ» አልኩት። አልከለከለኝም።

ፋብሪካ ውስጥ ቅድ ሌላ ነው። አንድ ጨርቅ ሳይሆን ስድሳ ድርብ ይነጠፋል። ረጅም ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሴቶች ከሁለት ወገን ይዘው እየተመላለሱ ያነጥፋሉ፤ ዳሩ ከዳሩ እንዲገጥም በብረት ይጫናል፤ በላዩ የካርቶኑ ሞዴል በጠመኔ ይነደፋል፤ ከዚያ በኤሌክትሪክ መቁረጫ ይወጣል። ስድሳ ጀርባ፣ ስድሳ እጅጌ በአንድ ጊዜ። ጥሩ ከሆነ ስድሳውም ጥሩ ነው። ከተበላሸ ስድሳውም። እኔ ከእያንዳንዱ ጣቃ ራስ ላይ አራት ጣት ቀድጄ ሳላይ አላስነጥፍም ነበር። ጠማማ ከሆነ በእንፋሎት አስቃናለሁ፤ ካልተቃና አስመልሳለሁ። ዓመታት እንዲህ ሠራሁ። ከእጄ የወጣ ልብስ ተመልሶ መጥቶ አያውቅም ነበር።

የነርሶቹ ጋዋን የመጣው ያኔ ነው። ለአንድ የነርሶች ማሠልጠኛ፣ ለምረቃ የሚሆን ነጭ ጋዋን። ጊዜው አጭር ነበር። ጨርቁ ሲገባ እንደ ልማዴ የመጀመሪያውን ጣቃ ዳር ይዤ ጎንበስ ስል ነስሩ ከኋላዬ መጣ።

«ዘምዘም፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ልቅደደው ብዬ ነው አቶ ነስሩ።»

«ይሄን የአባባን ሱቅ ነገር አሁን ተይው። ከየጣቃው አራት ጣት፣ በዚያ ላይ ግማሽ ቀን! እዚህ ፋብሪካ ነው። አትቅደጂ። አንጥፊና ቁረጪ።»

«ጨርቁን አላየነውም እኮ።»

«ጨርቁን እኔ አይቼዋለሁ።» ዝቅ ብሎ ደግሞ ቀጠለ፤ «ይሄ ሥራ ሲያልቅ የምክትል ቦታ ይከፈታል። ስምሽን አስገብቻለሁ። አታሳፍሪኝ።»

አነጠፍኩ። ስናነጥፍ እጄ አንድ ነገር ነገረኝ። ምን እንደ ነገረኝ ቦታው ሲደርስ እጽፋለሁ።

ጋዋኖቹ አምረው ወጡ። ነስሩ በሠራተኛው ፊት አመሰገነኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የማሠልጠኛው አስተማሪ አምስት ተመራቂዎች አስከትላ መጣች። ጋዋኑን አንድ ጊዜ አጥበው ለብሰውት ነበር። ልጆቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተሰለፉ። የአምስቱም ቁልፍ ከአንገታቸው ሥር ቀጥ ብሎ ይጀምርና ወገባቸው ጋ ሲደርስ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ የመጨረሻው ቁልፍ ግራ ታፋቸው ላይ ነበር። በአንድ በኩል ጫፉ ጉልበት ላይ ሲደርስ በሌላው በኩል ከጉልበት በላይ ቀርቷል። አምስቱም በአንድ ንፋስ የተመቱ ይመስሉ ነበር።

አንዷ ቀጭን ልጅ እየተሽከረከረች አሳየችን። «ለክታችሁ የሰፋችሁት ለእኛ ነው ወይስ ለጠመመ ባሕር ዛፍ?»

ሠራተኛው ሳቀ። አስተማሪዋ ግን አልሳቀችም። «ምረቃው ቅዳሜ ነው» አለች፤ «እናቶቻቸው ከገጠር እየመጡ ነው።» ለምረቃው ከየትም ተውሰው መልበሳቸውን ኋላ ሰማሁ። በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም። ከእጄ ወጥቶ የተመለሰው ልብስ እሱ ነው፤ ሁሉም ነው የተመለሰው።

ሰኞ ኮሚቴ ተቀመጠ። ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሰብሳቢው ከአስተዳደር የመጣ፣ ጨርቅ የማያውቅ ሰው ነበር።

«ወይዘሮ ዘምዘም፣ ጨርቁን ሳይፈትሹ ለምን አስነጠፉ?»

«አትቅደጂ ተብዬ ነው።»

«ማን አለዎት?»

«አቶ ነስሩ።»

ነስሩ ተነሣ። መጀመሪያ የጻፍኩትን የተናገረው ያኔ ነው። ቀጥሎም «እኔ እንዲህ ያለ ትእዛዝ አልሰጠሁም» አለ። «ይህን ያህል ዘመን ቀዳጅ ነኝ የምትል ሰው፣ ጨርቅ እንዴት እንደሚነጠፍ እኔ ልንገራት?»

አብራኝ ያነጠፈችው ሴት ትእዛዙን ሰምታለች። ስትጠየቅ «እኔ በሌላ ወገን ነበርኩ፤ አልሰማሁም» አለች። ልጆች ነበሯት፤ ስሟን አልጽፍም። በማግሥቱ ጠዋት ስገባ ወንበሬ ክር ለቀማ ክፍል ተወስዶ ጠበቀኝ።

የዚያኑ ቀን ከሥራ ስወጣ ወደ ሐጂ ሄድኩ። ሥራ ካቆሙ ቆይተዋል፤ ዓይናቸውም ደክሟል፤ በተዘጋው ሱቅ በር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጡ ነበር። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። አጠገባቸው ስቀመጥ ሰላምታ እንኳ አልጨረስንም።

«ቀደድሽው?» አሉኝ።

«አልቀደድኩም ሐጂ። ተከልክዬ ነው።»

ማን እንደ ከለከለኝ አልጠየቁኝም። ልጃቸውን ያውቁታል።

«እጅሽስ? ስታነጥፊው እጅሽ አላወቀም?»

«አላወቀም» አልኩ።

እጄን ያዙ። ገልበጥ አድርገው ጀርባውን በእጃቸው ጀርባ ዳሰሱት፤ ልክ አዲስ ጨርቅ ሲመጣ እንደሚያደርጉት። ከዚያ መልሰው ጭኔ ላይ አኖሩልኝ።

«እሺ» አሉ።

ሁለት ዓመት ያህል ከዚያ በኋላ ኖሩ። ልጠይቃቸው እሄድ ነበር፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ልጆች፣ ስለ መንገዱ እንጫወታለን። ስለ ጨርቅ አንድም ቀን አላነሡልኝም። አላህ ይርሐማቸው።

ስለ ክር ለቀማው ብዙ የሚጻፍ የለም። ወንበሩ መስኮት አጠገብ ነበር። ነስሩ በቀን አራቴ በዚያ ያልፋል፤ እኔም በቀን አራቴ አንገቴን ደፍቼ ክር እፈልጋለሁ። አዳዲሶቹ ልጆች «እትዬ ክር» ይሉኝ ነበር፤ በፊት ምን እንደነበርኩ የሚያውቅ እየቀነሰ ሄደ። ከእኔ በኋላ ጠረጴዛው ላይ የቆሙት የሚያወጡትን ልብስ ክሩን ስለቅም አያለሁ። አንዳንዱ ጣቃ ጠማማ እንደነበረ በእጄ አውቃለሁ። አልተናገርኩም። የሚጠይቀኝ አልነበረም፤ ሳልጠየቅም አልናገር አልኩ። ይህ በጎ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ደመወዜን አልነኩትም፤ ይህንንም ለእውነት ስል እጽፋለሁ። የተወሰደብኝ ጠረጴዛው ነው። ቤቴም ለራሴ ቀሚስ ቀድጄ አላውቅም፤ ከሱቅ እየገዛሁ ለበስኩ። እጄ ሥራውን ያልረሳው በከፈን ነው። ኮልፌ ውስጥ ሴት ስትሞት ይጠሩኛል፤ ከሳንሱሲም መጥተው የወሰዱኝ ጊዜ አለ። ሄጄ እቀድዳለሁ፤ ውዳሴም ሻይም ሳልጠብቅ እመለሳለሁ። በእነዚያ ቤቶች ማንም እትዬ ክር ብሎኝ አያውቅም።

ነስሩ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጣ። እሱ ሲሸኝ ንግግር ተደረገ፤ በግ ታረደ። አልሄድኩም።

እማማ ራህመት የሞቱት በዚህ ዓመት ነው፤ ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ገና በጀመረች ሳምንት። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የልጅ ልጃቸው መጣች። «አያቴ ሞተች። ‹ዘምዘም ትቅደድልኝ› ብላለች» አለችኝ። ነጠላዬን አንሥቼ ተከተልኳት። መንገድ ላይ አላለቀስኩም። ያ ግቢ ውስጥ ከገባሁ አሥራ አምስት ዓመት አልፎኛል፤ ጨርቅ የምንስብበት ቦታ ላይ አሁን የውኃ ሮቶ ቆሟል።

ሴቶቹ ክፍሉን ሞልተውታል። ጀናዛው ከመጋረጃ ወዲያ ነው፤ ውኃው ተዘጋጅቷል፤ አጣቢዎቹ እጅጌያቸውን ሰብስበዋል። ምንጣፉ ላይ ነጩ ጨርቅ ታጥፎ ተቀምጧል። ነስሩ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አርጅቷል። ዓይኑ ቀልቷል።

«ዘምዘም፣ እንኳን መጣሽ» አለ። «ያው፣ ጨርቁ...»

ተቀመጥኩ። ጨርቁን ዘርግቼ በእጄ ጀርባ ዳሰስኩት። ደህና ጨርቅ ነበር። ዳሩን አንሥቼ በጥርሴ ጫር አደረግኩ። ሴቶቹ ዝም አሉ፤ ከፈን ሲቀደድ ዝም እንደሚባል በዚያ ቤት ሁሉም ያውቃል።

እዚያ ላይ ቆምኩ። ቀና ብዬ አየሁት።

«ነስሩ» አልኩ። አለቃዬ ከሆነ ወዲህ በስሙ ብቻ ስጠራው የመጀመሪያዬ ነው። «ያን ቀን ‹አትቅደጂ› ያለኝ ማን ነው?»

አንዲት ሽማግሌ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ኧረ ዘምዘም! ጀናዛ አስቀምጠሽ? አላህን ፍሪ እንጂ!»

«እቀድዳለሁ» አልኩ። «እሱ ይመልስልኝና እቀድዳለሁ።»

የማደርገው ነውር እንደሆነ አላጣሁትም። ከመጋረጃው ወዲያ ያሉት ሴት በእጃቸው አጉርሰውኛል፤ ስስቅ ስቀው፣ ስሳነፍ ገፍተው አሳድገውኛል። የሚቀበሩበትን ጨርቅ ይዤ ልጃቸውን አስጨነቅኩበት። ሌላ ቀን፣ ሌላ ቦታ ብጠይቀው አይመልስልኝም ነበር። ያለኝ ያ ብቻ ነበር።

ነስሩ መቃኑን ያዘ።

«እኔ ነኝ» አለ። ወደ ሴቶቹ ዞሮ ደገመው። «ያ የፋብሪካው ነገር፣ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል፤ አትቅደጂ ያልኳት እኔ ነኝ።»

ጨርቁን አንሥቼ ልቀድድ ስል እሱ ግን ገና አልጨረሰም ነበር።

«አንቺስ?» አለኝ። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ዓይኔን ያየኝ ያኔ ነው። «አባባ ከመሞታቸው በፊት ጠርተውኝ ነበር። ‹አንተ ከለከልካት፤ እሷ ግን እጇ ያውቅ ነበር። ዋሸችኝ› አሉኝ። እኔን ከመቆጣታቸው ይልቅ ውሸትሽን ሲያነሡ ነው ያለቀሱት።»

እጄ የነገረኝን የምጽፍበት ቦታ ይህ ነው።

ሦስተኛውን ድርብ ስናነጥፍ ነው ያወቅሁት። ጨርቁን ለማስተካከል በእጄ ጀርባ ሳሳልፍ ክሩ በሰያፍ ሄደ፤ ሁለት ጣት ያህል ጠሟል። በግምት አይደለም፤ በርግጥ አወቅሁት። ቆም አልኩ። ጥርሴ ጨርቁ ላይ ሊያርፍ ምንም አልቀረውም ነበር። ቀና ስል ነስሩ በሩ ላይ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ቆሞ ወደ እኔ እየጠቆመ ያወራል። ምክትል ኃላፊ ብዬ አሰብኩ። የእኔን ስም በር ላይ አሰብኩ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ አራተኛውን ድርብ አነጠፍኩ፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን፣ እስከ ስድሳ።

ለኮሚቴው «ተከለከልኩ» ያልኩት እውነት ነው። ለሐጂ «አላወቀም» ያልኩት ውሸት ነው። የነስሩ በደል ይህን ሁሉ ዓመት የጠቀመኝ ነገር ቢኖር፣ ይህን እንዳላይ መሸፈኑ ነው።

«አውቅ ነበር» አልኩ። ሴቶቹ እንዲሰሙ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። እሱ ለእነሱ ደግሞታል፤ እኔም ለእነሱ ልናገር ይገባኝ ነበር።

ከዚያ ጨርቁን በሁለት እጄ ይዤ ቀደድኩ። አልቆምኩም። ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብሎ ሄደ።

አምስቱንም አወጣሁ። ከተረፈው ላይ ማሰሪያዎቹን ቀደድኩ። በየተራ አጥፌ ለአጣቢዎቹ አቀበልኩ፤ እጄን ታጠብኩ፤ ነጠላዬን አደረግኩ። ነስሩ አሁንም በሩ ላይ ነበር። እንዳልፍ ገለል አለልኝ። ሰላም አላልኩትም። ለቅሶ አልተቀመጥኩም። ወደ ቤቴ ሄድኩ።